የትራንኪሊኖ ገበታ በቢራቢሮዎቹ ክፍል

የሙታን ቀን ሦስት ቀን ሲቀረው የከተማው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም እንደ ልማዱ መግቢያው ላይ የሟች ፎቶና የሚወደው ምግብ የሚደረደርበትን የሙታን ገበታ ዘረጋ። የዘንድሮው አምና ለሞተው ለጥበቃው ለትራንኪሊኖ ነበር። ሚስቱ ዶኛ ኡላሊያ እዚያው የሙዚየሙን ሕያው ቢራቢሮዎች የምትንከባከብ ናት፤ ገበታውን ስታይ ደሟ ፈላ። ሙዙ ከወረቀት፣ ዳቦው ከጀሶ ተሠርቷል፤ ነፍሱን ይሰጥለት የነበረው ፑልኬ የሚባለው ነጭ መጠጥም ነጭ ቀለም የተቀባ ባዶ ጠርሙስ ነው።

ዳይሬክተሯ ዶኛ ብሪሂዳ አስረዳቻት። እውነተኛ ምግብ ጉንዳንና ነቀዝ ይጠራል፤ ነቀዙ ደግሞ መቶ ዓመት የቆዩትን የደረቁ ወፎች ይጨርሳል። ደንቡ ይኸው ነው።

ኡላሊያ ነገሩ አልዋጥልሽ አላት። ሙት በዓመት አንዴ የሚመጣው የምግቡን ሽታ ሊጠግብ ነው። ትራንኪሊኖ ደግሞ ምሳው አሥር ደቂቃ ሲዘገይበት ፊቱን የሚያጠቁር ሰው ነበር። ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ጀሶ ሊያሸት? አዘነችለት፤ ደግሞም አፈረች።

በማግስቱ ቢራቢሮዎቹን ልታበላ ስትገባ ግን ሳቋ መጣ። በዚያ ሁሉ ሕንፃ የበሰበሰ ሙዝ በፑልኬ ተለውሶ በሳህን የሚቀርበው እሷ ክፍል ብቻ ነው፤ በሁለት በር ስለሚዘጋ ደንቡም ይፈቅዳል። የባሏን ፎቶ ከመግቢያው አንስታ ሳህኖቹ መሃል አቆመችው። ከቤቷ የሠራችውን ምግብም፣ ሰሊጥ የተነሰነሰበትን የዶሮ ሞሌ ወጥ ጭምር፣ አምጥታ ደረደረች።

ብሪሂዳ ለቁጥጥር ስትመጣ ትልልቆቹ ቢራቢሮዎች ሙዙ ላይ ሰፍረው ሞቅ ብሏቸዋል። አንዱ በፎቶው ላይ የትራንኪሊኖ ጢም ላይ ተቀምጧል።

«ሙዙስ ይሁን። ይሄ የዶሮ ሞሌ ምንድን ነው?»

«የቢራቢሮ ምግብ ነው።»

«ዶሮ የሚበላ ቢራቢሮ አለ?»

«አዲስ ገቢ ነው። ትንሽ ዓመለኛ ነው፤ ሰሊጥ ካልነሰነሱለት ያኮርፋል።»

ዳይሬክተሯ ፎቶውን ቆማ አየችው። ሰውየው ለዘጠኝ ዓመት በየጠዋቱ በር ከፍቶላታል። ከዚያ ወጥታ ሁለቱንም በሮች አጥብቃ ዘጋች። ኡላሊያ ግን አንሺው የሚል ትእዛዝ ይመጣል ብላ ቀኑን ሙሉ በሩን ስታይ ዋለች።

ትእዛዝ አልመጣም። በበዓሉ ጠዋት የመጣችው ራሷ ብሪሂዳ ናት፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ትኩስ የበቆሎ ኅብስትና የአንዲት አሮጊት ፎቶ ይዛለች።

«ዶኛ ኡላሊያ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ዘቢብ የገባበት ታማል የሚወድ ቢራቢሮ ይኖርዎታል?»

ኡላሊያ ሁለቱንም ተቀበለቻት። «እናትዎ ናቸው?»

«እናቴ ናት።»

«እንግዲያው ከትራንኪሊኖ ራቅ አድርጌ ነው የማስቀምጣቸው» አለች ኡላሊያ። «እሱ ከሰው ሳህን ይቀምሳል።»