ከሁለቱም ወገን የሚነበብ

«አባ ሳይመጡ ጥረጊው!» አሉ ጎረቤቷ እትዬ ደብሪቱ፣ መጥረጊያውን ለፀዳል እያቀበሉ። «ሟቹ ጠጠር ጣይ ጠንቋይ ከመሰላቸው ፍትሐት አያደርሱለትም። ለቀስተኛውም ማንሾካሾክ ጀምሯል።»

ካርቲዬ ሁለት በሚባለው የወደቡ ከተማ ሰፈር፣ በጠባቡ ግቢ፣ በሲሚንቶው ላይ፣ ነጭ ዛጎልና ጥቁር ጠጠር በየመስመሩ ተደርድሯል። የሟቹ የደምመላሽ የእጅ ሥራ ነው። ፀዳል መጥረጊያውን ተቀበለች፤ ድርድሩን ግን አልነካችም።

ባሏ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጭነት ሲቆጥር የኖረ ሰው ነበር። ባቡሩ ከቆመ ወዲህ ዛጎል ከባሕሩ ዳርቻ እየለቀመ ቁጥርን ሌላ ልብስ ያለብሰው ጀመር።

«እኛ ዐሥር ሲሞላ ወደ ቀጣዩ ቤት እንሻገራለን» ይላት ነበር። «እዚህ ግን ሁለት ሲሞላ ነው። ቤቶቹ ከቀኝ አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት እያሉ በእጥፍ ያድጋሉ። ነጩ ‹አለ›፣ ጥቁሩ ‹የለም› ነው።»

የሚሻው በሁለቱም አቆጣጠር ከፊትም ከኋላም አንድ ሆኖ የሚነበበውን ብቻ ነበር። 33ን ባገኘ ዕለት ከሥራ ስትመለስ በር ላይ ጠበቃት።

«እና ምን ይደረግለት?»

«ይወደድልኝ እንጂ!»

«ተመልከት ብዬ የተውኩልህን ዳቦ አሳርረኸዋል፤ እሱም ይወደድልህ?»

«በሁለቱም ወገን እኩል ካረረ፣ አዎን!»

ፀዳል መጥረጊያውን እንደያዘች አባ ገቡ። «እግዜር ያጽናሽ» ብለው መስቀል አሳለሟትና በድርድሩ ፊት ቆሙ። እትዬ ደብሪቱ ዓይናቸውን ሰበሩ።

«ይህ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

ፀዳል ስታሾፍበት ኖረች እንጂ አስረድታለት አታውቅም። ተንበረከከች።

«ይህ ዘጠኝ ነው፣ አባ። ነጭ፣ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ነጭ፤ ስምንትና አንድ። ያኛው ሠላሳ ሦስት፣ ከሥሩ ዘጠና ዘጠኝ። የምሠራላቸው ፈረንሳዮች ሰማንያን ‹አራት ሃያ› ይሉታል፤ ጠንቋይ ያላቸው ግን የለም። ባሌ ስለ ነገ አንዳች ጠይቆ አያውቅም።»

አባ ጎንበስ ብለው አዩ።

«ጠንቋይ ጠጠሩን በትኖ ዕድል ይጠብቃል። ይህ በልክ የቆመ ነው። እኛስ ባሕረ ሐሳቡን በሰባትና በዐሥራ ዘጠኝ እየከፈልን እየገደፍን አይደል በዓላቱን የምናወጣ? ፍትሐቱ አይቀርበትም።» ወደ መጨረሻው መስመር ጠቆሙና፣ «የታችኛው ግን ጎድሏል» አሉ።

ሦስት መቶ ዐሥራ ሦስት ነበር፤ ከዘጠኙ አምስቱን ደርድሮ ሳለ ሕመሙ ጣለው።

እትዬ ደብሪቱ ከጎኗ ቁጢጥ አሉ።

«ከወዲያኛው ጫፍ እያየሽ ብትመልሺው አይሞላም?»

ዛጎልና ጠጠር አቀበሏት። ፀዳል ነጭ አኖረች፤ ጥቁር፤ ጥቁር። የመጨረሻዋን ነጭ ግን፣ ሥራው እንዳያልቅባት፣ በመዳፏ ጨብጣ፣ እጇን ከነጠላዋ ሥር ሸሸገች።