እድሩ ሰላሳ አምስት ሺህ ጫማ ላይ

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከመሬት ተነስቶ የማያውቀው አውሮፕላን ውስጥ አየር አለቀ።

አውሮፕላኑ በማሠልጠኛው አዳራሽ መካከል በስድስት የብረት እግሮች የቆመ ነጭ ሳጥን ነው፤ የበረራ መለማመጃ ነው፣ ሲሙሌተር ይሉታል። ፊቱ እንደ እውነተኛው ነው፤ ሁለት የአብራሪ ወንበር፣ መሪ፣ ሁለት መቶ ያህል መብራት አለው። ጀርባ ግን የለውም። ከአብራሪዎቹ ኋላ የመምህሯ ወንበር አለ፤ ከእሱ ኋላ በር፣ ከበሩ ኋላ አጭር ድልድይ፣ ከድልድዩ ማዶ የሻይ ክበቡ። ተሳፋሪ የሚቀመጥበት ቦታ ማንም አልሠራለትም።

ስለዚህ ቴክኒሻኑ አምኃ ድንቁ የካቢን (የተሳፋሪ ክፍል) አየር ማስጠንቀቂያው ሲጮህ መጀመሪያ የጠረጠረው ድምፅ ማጉያውን ነበር። ድምፅ ማጉያው ደህና ነው። ሽቦውን ፈተሸ፤ እሱም ደህና ነው። ቀጥሎ መለኪያውን አየ። በካቢኑ ውስጥ ያለው አየር አስራ አራት ሺህ ጫማ ላይ እንዳለ አየር ሳስቷል ይላል፤ ከራስ ዳሸን አናት ብዙም የማይተናነስ ማለት ነው። የአዲስ አበባ ሰው ሳሳ ባለ አየር ተወልዶ ያደገ ቢሆንም፣ ይሄ ግን ለማንም አይሆንም።

አምኃ ይህን ማሽን ዘጠኝ ዓመት ሲያክም ኖሯል። የማይመስል ነገር ሲገጥመው ይናደዳል እንጂ አይደነግጥም። ተናደደና ቁልፉን አጠፋ። ማስጠንቀቂያው ጩኸቱን ቀጠለ።

በዚህ መሃል የውስጥ ስልኩ ጠራ። ስልኩ ለልምምድ የተሰቀለ ነው፤ ገመዱ ከየትም ጋር አልተገናኘም።

«ከኋላ ክፍል ነው» አለች አንዲት ሴት። «አስተናጋጇ ሥርጉት ነኝ። ጭምብሎቹ ወርደዋል። ያለን የአሥራ ሁለት ደቂቃ ኦክስጅን ነው፤ እንዲያውቁት ብዬ ነው።»

«ስንት ሰው አለ?»

«መቶ አርባ ስድስት። አንድ ሀ ወንበር ላይ ያሉት ሊቀመንበር ቅሬታ አላቸው። አስራ አራት ሀ ላይ ያሉት አባት ደግሞ ትንፋሽ አጥሯቸዋል።»

አምኃ ስልኩን ሳይዘጋ አጠገቡ አስቀመጠው። መቶ አርባ ስድስትን ያውቀዋል።

ማሽኑ በተተከለበት ዓመት የውጭ አገር ባለሙያዎቹ ለክብደት ስሌት የተሳፋሪ ስም ሙላ አሉት። ይህን ሁሉ ስም ከየት ያመጣል? ያኔ የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ነበርና መዝገቡን ከቦርሳው አውጥቶ አባላቱን በየወንበሩ ደለደለ። ሊቀመንበሩን ፊት አስቀመጠ፤ ወጉ ነው። አባቱን አቶ ድንቁን አስራ አራት ሀ ላይ፣ በመስኮት በኩል አደረገ። አቶ ድንቁ ሰላሳ አንድ ዓመት የሰው ሻንጣ አውሮፕላን ላይ ሲጭኑ ኖረው አንድም ቀን ተሳፍረው አያውቁም። በስም እንኳ ይብረሩ ብሎ ነው። ያን ቀን ደስ ብሎት ዋለ፤ ለማንም ግን አልተናገረም። ከዚያ ወዲህ እድሩ አስራ አንድ አባላቱን ቀብሯል። ከመዝገቡ ተሰርዘዋል፤ ከማሽኑ የሰረዛቸው የለም።

በሞባይሉ ለእህቱ ለየሺመቤት ደወለ።

«አባባ እንዴት ነው?»

«ከዓርብ ጀምሮ ደረቱን አመመው ብዬህ አልነበር? ዛሬ ጭራሽ ብሶበታል። ጫጫታ አልፈልግም ብሎ ክፍሉን ዘግቶ ተቀምጧል፤ ሲያለከልክ ከበሩ ማዶ ይሰማኛል። ሰፈሩም እንደዚያው ነው፤ አባወራው ሁሉ ሱቅ ደርሶ መመለስ አቅቶታል።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ምን እሆናለሁ?»

እውነቷን ነው። እድሩ የሚመዘግበው አባወራውን ወይም እማወራዋን ብቻ ነው።

የመምህሯ ወንበር የካፒቴን ሮማንወርቅ ነው። ካፒቴኗ በዚያው ሰዓት ሁለት ሠልጣኞቿን ሻይ ክበብ ትታ በድልድዩ መጣች። የምታስተምረው የአየር ማነስ አደጋን ነው። ትምህርቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ከፍታ ላይ በስክሪኗ አንድ ቀዳዳ ትከፍታለች፣ ሠልጣኞቹ ጭምብል ያጠልቃሉ፣ ትክክል ከሠሩ አውሮፕላኑን ባለበት ታቆምና ሁሉም ሻይ ይጠጣል።

«ካፒቴን፣ ዓርብ ሲጨርሱ አውሮፕላኑን የት ተዉት?»

«አቁሜው ነዋ የሄድኩት።»

«የት ላይ?»

«ሰላሳ አምስት ሺህ ላይ።»

«ካቻምናስ?»

«እዚያው ነው። ማሳረፍ የሌላ መምህር ትምህርት ነው፤ እሱ ደግሞ የራሱ ማሽን አለው።»

«ቀዳዳዎቹንስ ዘግተዋቸዋል?»

«እኔ የማስተምረው ቀዳዳ ከፍቼ ነው» አለች ካፒቴን ሮማንወርቅ። «መዝጋት ጥገና ነው።»

አምኃ መዝጋት የመምህር ሥራ ነው ብሎ ዘጠኝ ዓመት ኖሯል። በመምህሯ ስክሪን የጉድለቶቹን ገጽ ሲከፍተው አራት መቶ ስልሳ ስምንት ቀዳዳ በተራ ተደርድሮ አገኘ። ከሥሩ «ሁሉንም ሰርዝ» የሚል ቁልፍ አለ። ሁሉንም ሲል ምኑን እንደሆነ አይናገርም። አምኃ የእድሩን መዝገብ አስታወሰና ያንን ቁልፍ ሳይነካ እጁን ሰበሰበ።

«ማውረድ አለብን» አላት። «አሥር ደቂቃ ነው የቀረን።»

«ይህን ማሽን አሳርፌው አላውቅም አምኃ።»

«አባቴ አሉበት።»

ካፒቴኗ ወደ ኋላ ዞራ በሩን አየችው። ከበሩ ማዶ ሻይ ክበቡ እንደሆነ ታውቃለች። ምንም ሳትጠይቅ በግራው ወንበር ተቀመጠች፣ ቀበቶዋን አሰረች፣ ጭምብል አጠለቀች።

ሳጥኑ በእግሮቹ ላይ ወደ ፊት አዘነበለ። አምኃ በመምህሯ ወንበር ሆኖ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ መዝጋት ጀመረ። ለአንዱ ያለው ጊዜ ከአንድ ሴኮንድ ብዙም አይበልጥም። መቶ ሃያውን እንደዘጋ ጣቱ ተንሸራቶ አንዱን መልሶ ከፈተና ጆሮው ጓ አለ። ፈራ። አባቱ በሕይወታቸው የማንንም ሰው ሻንጣ አላጠፉም፤ እሱ አባቱን ሊያጠፋ ነው።

«አምስት ደቂቃ» አለች ሥርጉት በስልኩ።

«ቶሎ ይውረዱ ካፒቴን።»

«ከዚህ በላይ ቶሎ ካልኩ ክንፉ ይገነጠላል» አለች ካፒቴኗ። መሪውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛዋለች።

አራት መቶ ስልሳ ስምንተኛውን ሲዘጋ የቦሌ ሜዳ በመስታወቱ ላይ ታየ። ጎማው መሬት ሲነካ ድምፅ ማጉያው ሲጥ አለ፤ ስድስቱ እግሮች አንዴ በርከክ ብለው ተነሱ። ኦክስጅኑ ሊያልቅ አርባ ሴኮንድ ይቀረው ነበር። አምኃ ለእህቱ ደወለላት።

«ለቀቀው» አለች የሺመቤት። «ይዘፍናል እንዲያውም። በሩ ግን አልከፈት አለ። እኔና ሁለት ጎረቤቶች ሆነን ገፋነው፤ ንቅንቅ አይልም። ጎረቤቱም ሁሉ ይጮኻል፣ የሁሉም አባወራ በር እንደዚሁ ነው።»

አምኃም የአውሮፕላኑን በር ሳበው። አልተከፈተም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ቀዳዳውን ሁሉ ደፍኖ አየሩን ያለልክ ማስሞላቱ ያኔ ገባው። የማረፊያ ከፍታ የሚለው ማዞሪያ ዜሮ ላይ ነው፤ ውስጡን በባሕር ጠለል አየር ሞልቶታል ማለት ነው። ባለሙያዎቹ አገራቸው የባሕር ዳርቻ ስለሆነ ዜሮ ላይ አድርገው አስረከቡት፤ በዚህ ማሽን የሚያርፍ ስላልነበረ ዘጠኝ ዓመት የነካው የለም። በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፤ ከውስጥ ያለው የባሕር ጠረፍ አየር ደግሞ ሙሉ ክብደቱን አሳርፎበታል።

አሁን ቢቸኩል የመቶ አርባ ስድስት ሰው ጆሮ ይጎዳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብሎ ማዞሪያውን በትንሽ በትንሹ ወደ ቦሌ ከፍታ፣ ወደ ሰባት ሺህ ስድስት መቶ ጫማ፣ ያዞረው ጀመር። አሥራ አምስት ደቂቃ ፈጀ። ከኋላቸው፣ ምንም ከሌለበት፣ አየር በረጅሙ ሲወጣ ይሰማ ነበር። ጨው ጨው ይሸታል።

«ሊወርዱ ነው» አለች ሥርጉት።

«በየት?»

«ቤት ያላቸው በየቤታቸው በር ነው የሚወርዱት። ቤት የሌላቸው በእናንተ በኩል ይወጣሉ።»

አምኃ ተነስቶ በሩን ሳበው፤ ተከፈተ። ድልድዩ ላይ ወጥቶ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ውስጥ ከካፒቴን ሮማንወርቅ በቀር ሰው የለም። ከዚያ ወይዘሮ አፀደ ወጡ። እድሩ የቀበራቸው ከአራት ዓመት በፊት ነው፤ አምኃ ራሱ አልቅሶላቸዋል። ነጠላቸውን አስተካክለው በአጠገቡ አለፉና ወደ ሻይ ክበቡ ሄዱ። ቀጥሎ ጥርስ ሐኪሙ አቶ ፍሥሓ፣ ቀጥሎ ሁለቱ ወንድማማቾች። አምኃ ሰላም አላላቸውም። ይቆጥር ነበር። አምስት። ስምንት። አባቱ እንዳይወጡ በሆዱ ለመነ፤ እንዲህ ለምኖ አያውቅም። አሥር። አስራ አንድ።

አስራ አንደኛው ሰው ካለፈ በኋላ በሩ ክፍት እንደሆነ ቆየ። አምኃ ዓይኑን አላነሳም። ከውስጥ የነጠላ ጫማ ድምፅ የሰማ መሰለው፤ ካፒቴኗ ቀበቶዋን ስትፈታ ነው። ስልኩ ጠራ።

«ተከፈተ» አለች የሺመቤት በሞባይሉ።

«አባባስ?»

«አልጋው ላይ ተቀምጧል። ደህና ነው፤ ፊቱም ወዝ አለው። ወገቡ በቀበቶ ታስሯል፤ ቀበቶው ከየት እንደመጣ እንጃ። ደረስን ወይ ይለኛል። ምን ልበለው?»

አምኃ ድልድዩ ላይ ቁጭ አለ። «ደርሰናል ካፒቴን?» ሲል ወደ ውስጥ ጠየቀ።

«ቆመናል» አለች ካፒቴኗ መለኪያውን አይታ።

«ደርሰሃል በይው።»

የሺመቤት ለአባቷ አልነገረችም። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አምኃዬ፣ መስኮቱ ላይ ክንፍ አለ። ከግድግዳችን ወጥቶ እነ እትዬ ውድነሽ ግቢ ድረስ ይሄዳል። እትዬ ውድነሽ ልብስ አስጥተውበታል።»

«ግድ የለም፣ ልብሱ ይነሳል።»

«እሱ አይደለም» አለች። «የግቢው ባሕር ዛፍ ቅጠሉ አይነቃነቅም። ልብሱ ግን ሁሉም፣ ክንፉ ገና እየበረረ ይመስል፣ ወደ ኋላ ተወጥሮ ይርገበገባል።»