እኔ ወንበር ላይ ያልተነገረው

ፀጉር ቆራጭ ነኝ። የሰፈሩ ወንድ ምሥጢሩን የሚያራግፈው እኔ ወንበር ላይ ነው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ እኔ ዘንድ ሁለቱም ይታወቃል።

የእህቴ ባል ሾፌር ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጠባዩ ተበላሸ። እንቅልፍ የለው፤ በሆነ ባልሆነው እህቴ ላይ ይጮሃል፤ ከዚያ ክፍሉ ገብቶ ይዘጋል።

"ጋሼ፣ አንተን ይሰማል፤ ምከረው" አለችኝ። "እንዲህ ከቀጠለ ልብሴን ሸክፌ መውጣቴ ነው።"

መከርኩት። ፂሙን በላጨሁት ቁጥር፣ ቻል አድርገው፣ ሚስትህ ምን በደለች፣ ሥራ አትፈታ እያልኩ መከርኩት። ዝም ብሎ ይሰማኛል። ዝምታው መስማማት መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ፊቱ ተፈትቶ መጣ።

"ምን ተገኘ?" አልኩት።

"እንቅልፍ። ሐሙስ ሐሙስ አንዲት ወጣት የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ እሄዳለሁ።"

"ምን መድኃኒት ሰጠችህ?"

"ምንም። እናወራለን።"

ማውራትማ የእኔ ሥራ ነው። መሻሉ ደስ ሊያሰኘኝ ሲገባ፣ በማን እጅ እንደተሻለው ነው የቆጠቆጠኝ። የቅርብ ጠበል ልጥ መንከሪያ ማለት ይኸው ነው።

እህቴ ዘንድ ሄድኩ።

"ምን እንደሚያወሩ ታውቂያለሽ?"

"ቤቴ ሰላም ሆኗል፤ ሌላው ምን ያደርግልኛል? ጋሼ፣ ቀናህ እንዴ?"

"በማን? በዚያች ልጅ?"

"ሚስቱ እኔ፣ የምትቀናው አንተ" ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። ሐሙስ ፀጉር ቤቴን ዘግቼ ከባለሙያዋ ቢሮ ፊት ለፊት ቆምኩ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። አባቱን ስንቀብር እንኳ እንባው ጠብ ሲል ያላየሁት ሰው፣ ለባዳ አልቅሶ ወጣ።

በማግስቱ ሊላጭ መጣ። ሁለታችን ብቻ ነበርን። ግማሽ ፊቱን እንደላጨሁ አላስችል አለኝ።

"ለእኔ ያላወራኸውን ለእሷ ታወራለህ፣ አይደል?"

እጄን በቀስታ ገፋ አደረገ።

"አንተ መቼ አስወራኸኝ? የምትጠይቀኝ ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ ሲሆን ነው። ልመልስልህ ስል፣ አትንቀሳቀስ ትለኛለህ። ከዚያ ራስህ ትመልሰዋለህ።"

"እሷስ?"

"ጠይቃ ዝም ትላለች። መጀመሪያ ላይ፣ ልጄ፣ እስቲ ምከሪኝ አልኳት። ከመጮህህ በፊት ምን ይሰማሃል አለችኝ። አላውቅም ነበር። አሁን ቁጣው ሲመጣ ቆም ብዬ ያንን እፈልጋለሁ።"

ምላጩን አስቀመጥኩ። "ምንድን ነው የሚሰማህ?"

ምክር ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። የሰፈሩ ሥጋ ሻጭ ሊላጭ በበሩ ብቅ ሲል፣ ቆይተህ ና ብዬ መለስኩት።

"ፍርሃት" አለ። "መኪናውን ካስረከብኩ ወዲህ እስቲ አድርሰኝ የሚለኝ ሰው የለም። እህትህ ገበያ ብቻዋን ሄዳ ስትመለስ፣ ያለ እኔም ይሆንላታል እላለሁ። ያኔ እጮሃለሁ።"

ብዙ ተናገረ። አረፋው ጉንጩ ላይ ደረቀ።

"ይህን ሁሉ ለእሷ ነግረሃታል?" አልኩት።

"ትናንት።"

ከልጅቷ የተረፈው ነበር የደረሰኝ። አሁንም ቆጠቆጠኝ።

"ቀጥል" አልኩት።