ቄጠማው ለእንግዶቹ

መምህርት መሰለች ሦስት ዓመት ሙሉ የደከመችበት አትክልት አቃቂ በሚገኘው ትምህርት ቤታቸው ጀርባ፣ የቧንቧው ትርፍ ውኃ በሚጠራቀምበት ረግረግ ላይ ነበር። ቦታውን ዘወር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም። እሷ ቄጠማ ተከለችበት፤ በዳር በዳሩ ወይራ፣ ግራዋና ዳማከሴ ጨመረችበት። እንቁራሪቱ ሳይጠሩት መጣ፣ ወፎች በቄጠማው መሀል ጎጆ ሠሩ። ተማሪዎቿም ሳይንስን እዚያው ጭቃው ዳር ቁጢጥ ብለው ይማሩ ጀመር።

ይህን ጊዜ ነው ዳይሬክተሩ ቦታው ተደልድሎ መኪና ማቆሚያ ይሁን ያሉት። በግቢው ያለው መኪና የእሳቸው ብቻ ነበር እኮ! መሰለች ተከራከረች፣ ለመነች፣ አለቀሰችም። በመጨረሻ ከበላይ አካል ኮሚቴ መጥቶ፣ አትክልቱን በዓይኑ አይቶ ይወስን ተባለ።

ኮሚቴው በሚመጣበት ማለዳ የእጽዋቱን ስም ያጻፈችባቸውን ታፔላዎች ለማምጣት ወደ ሳሪስ ስትጣደፍ፣ እንግዳ እንደሚመጣ እንጂ ለምን እንደሚመጣ ያልሰሙትን የወላጅ ኮሚቴ አባል እትዬ አደሴን በር ላይ አገኘቻቸው። ታክሲው ሊያመልጣት ነው።

"እትዬ አደሴ፣ አደራዎን! ቄጠማውን ለእንግዶቹ ያሰናዱልኝ!" ብላ ሮጠች።

በቄጠማው መሀል የገባውን ፌስታል ይልቀሙልኝ ማለቷ ነበር። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሉ የለ? በዚህ አገር ለእንግዳ ቄጠማ አሰናዱ የተባለ ሰው ምን እንደሚያደርግ እሷም አታጣውም፤ ጥድፊያ አሳወራት እንጂ።

ታፔላ ጻፊው አዘገያት፣ መንገዱም ሳሪስ አቦ ላይ ተዘጋጋ። ታፔላዎቿን ታቅፋ ስትመለስ የትምህርት ቤቱ በር በወይራና በግራዋ ዝንጣፊ አጊጧል። አዳራሹ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ቄጠማ ተጎዝጉዞበታል። እንግዶቹ እሱን እየረገጡ ለስላሳ ይጠጣሉ። 

መሰለች ወደ ጓሮ ሮጠች። የቀረው ጭቃና በማጭድ የተላጨ ቁራጭ ብቻ ነው። ሁለት ወፎች ከላይ ይዞራሉ፤ የሚያርፉበት አጥተዋል።

ኮሚቴው ከኋላዋ ደረሰ። ሰብሳቢው ጭቃውን አየ፣ ታፔላዎቹን አየ።

"እህቴ፣ አትክልቱ የታለ?"

"አዳራሽ ውስጥ... የረገጣችሁት እሱ ነው።"

ሰብሳቢው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ወደ ዳይሬክተሩ ዞር ብሎ፣ "ድልደላው ይቀጥል እንጂ፣ ምን የሚያከራክር አለው?" አለ።  መሰለች እንዲያ ያለ ተስፋ መቁረጥ በሕይወቷ ደርሶባት አያውቅም።

እንግዶቹ ሲሸኙ እትዬ አደሴ በፈገግታ ተሞልተው መጡ።

"ደስ አላቸው አይደል ቲቸርዬ? ወገቤ ቢቆረጥም አላሳፈርኩሽም።"

መሰለች ልትጮህባቸው ቀና አለች። የሴትዮዋ መዳፍ በማጭዱ እጀታ ውኃ ቋጥሯል። ማንን ትቆጣ?

"ደስ ብሏቸዋል እትዬ። እግዜር ይስጥልኝ" አለች፣ እንባዋን እየዋጠች።

"ደግሞ ለቄጠማው ብለሽ እንዳታዝኚ። ሥሩን ንክች አላደረግኩትም። ክረምት ሲገባ እንደነበረው ሆኖ ታዪዋለሽ!"

እውነታቸውን ነበር፤ ሥሩ ደህና ነው። ረግረጉን የሚሞላውን ገረጋንቲ የጫነው ገልባጭ መኪና ግን ሰኞ ጠዋት ይመጣል፤ ክረምት ደግሞ ገና ሩቅ ነው።