ፕላስተር የተለጠፈበት ሳጥን

ቴክኒሺያኑ የእህቱን ፎቶ ቤት በር ገፍቶ ሲገባ መጀመሪያ ያየው ስቴፕለር ነበር። ኪቦርዱ ላይ፣ «አዎ» የሚያሰኘው ቁልፍ ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል።

«ይኼን ማን ነው ያስቀመጠው?»

«እኔ» አለ ሠፈሩ «ፕሮፌሰር» የሚለው የእህቱ ባል፣ ደረቱን ነፍቶ። «የፎቶዎቹ ዲስኮች ያሉበት ሳጥን አልከፈት ሲል ኮምፒውተሩን ሦስተኛውን ዲስክ ለብቻው መርምር አልኩት። ‹ልጠግን?› እያለ ሺህ ጊዜ ጠየቀኝ። ጣቴ ሲደክም ስቴፕለሩን ጫንኩበት።»

ቴክኒሺያኑ ራሱን ያዘ። ሦስቱ ዲስኮች ፎቶዎቹን ተካፍለው ነው የያዙት፤ አንዱ ቢሞት ሁለቱ ይሸከማሉ። ምርመራ የሚደረገው ግን ተገጣጥመው ሲቆሙ ነው። አንዱን ነጥሎ ጠግን ማለት ያለውንም ማበላሸት ነው። ኩል እኳላለሁ ብሎ ዓይን ማጥፋት ይሉሃል ይኼ ነው!

«የአባባን ፎቶ ብቻ አውጣልኝ» አለች እህቱ እጇን እያሻሸች። «ሌላው ይቅር።» ሳቅ የማያውቁት አባታቸው፣ ከማረፋቸው በፊት እሷ ፊት አንዴ ሲስቁ ያነሳቻቸው ፎቶ ነው። ካሜራው ላይ የነበረው ጠፍቷል፤ ላትመው ስትል ስትል ሳታትመው ቀረች።

ቴክኒሺያኑ እየተነጫነጨ የቀሩትን ሁለቱን ዲስኮች አያያዘ። ኮምፒውተሩን ምንም ሳትነካ ዝም ብለህ እይ ብሎ አዘዘው። ስክሪኑ ላይ ስህተት እንደ ዶፍ ወረደ፤ ከዚያ ፎልደሮቹ ብቅ አሉ። ፕሮፌሰር አጨበጨበ። ቴክኒሺያኑ ግን ቀኑን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። ከሁለቱ አንደኛው ዲስክ ሥራ ያቆመው ከስድስት ወር በፊት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የገባውን አያውቅም።

«አባባን መቼ ነው ያነሳሻቸው?»

«አራት ወር ይሆናል።»

ሳጥኑን ወደ ራሱ አዞረ። የማስጠንቀቂያ ጩኸት የሚወጣበት ቀዳዳ በፕላስተር ተለጥፏል። ደሙ ፈላ።

«ስድስት ወር ሙሉ እየጮኸ አፉን ዘጋሽው! እታለም፣ አንድ ስልክ መደወል እንዲህ ይከብዳል?»

እህቱ ስልኳን አውጥታ ወደ ኋላ ፈለገችና ፊቱ አስቀመጠችለት። ከስድስት ወር በፊት የላከላት የራሱ መልእክት ነበር፦ «ሥራ ላይ ነኝ። ምንም አይደል፣ ከረበሸሽ ፕላስተር ለጥፊበት። ቅዳሜ መጥቼ አየዋለሁ።»

አነበበው። ደግሞ አነበበው። አፈረ። ብትሰድበው ይሻለው ነበር፤ እሷ ግን ስልኳን መልሳ ኪሷ ከተተች።

«እንዴት ነበር የሳቁት?» አለ በመጨረሻ። ፎቶውን አንድም ቀን አይቶት አያውቅም።