ከሁለት ጠርሙስ

ጥፋቱ የእኔ ነው። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ስለማልወድ ከመጀመሪያው ልናገረው። ማንም አልገፋፋኝም፤ ገንዘቤም አታውቅም ነበር።

ገንዘቤና እኔ ከሱዳን ወደዚህ አገር አብረን ነው በስደት የመጣነው፤ አርባ ዓመት ሊሞላን ነው። አንድ የካዚኖ ሆቴል ውስጥ አብረን የእንግዳ አልጋ አንጥፈናል፣ አብረን ጡረታ ወጥተናል፣ አሁንም ስፕሪንግ ቫሊ የሚባል ሰፈር አንድ አፓርታማ ውስጥ እንኖራለን። ጉልበታችንም አብሮ ነው ያለቀው። ስለዚህ ሀሌታ ስለ አዲሱ የጉልበት መድኃኒት ስትነግረን አብረን ተመዘገብን።

ሀሌታ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ በቤተ ክርስቲያን የምናውቃት ልጅ ናት። አዳዲስ መድኃኒት የሚሞከርበት ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት። አማርኛዋ እንደ ነገሩ ነው፤ አንቱታ የሚባል ነገር አታውቅም። ቁጭ አድርጋ አስረዳችን።

"መጀመሪያ አይጥ ላይ ተሞከረ፣ ከዚያ ትንሽ ጤነኛ ሰዎች ላይ። ስንት መጠን ሴፍ እንደሆነ ቼክ አደረጉ። አሁን ብዙ ሰው ላይ ነው። ግማሹ ሰው ሪል መድኃኒት ይወስዳል፣ ግማሹ ባዶ ክኒን። ማን የትኛውን እንደሚወስድ እኔም አላውቅም፣ ዶክተሩም አያውቅም።"

"ባዶውን መስጠት ሰው ማታለል አይሆንም?" አልኳት።

"ሰው ተስፋ ሲያደርግ ብቻም ይሻለዋል፣ እትዬ ጽጌ። ያለ መድኃኒቱም ዝም ብሎ ይታመማል። ሁለቱን ካላወዳደርን መድኃኒቱ ምን እንደሠራ አናውቅም።"

ገባኝ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። መቼ ገብቶኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ጉልበቴ ተፈታ። ከመኪና ስወርድ በር መደገፍ ተውኩ። ገንዘቤ ግን ያው ናት። የእኔ እውነተኛው፣ የእሷ ባዶው እንደሆነ ለመገመት ዶክተር መሆን አያስፈልግም።

ስቅለት ደረሰ። እኔ ከሰው እኩል ስሰግድ ዋልኩ፣ ስንት ዓመት ያላደረግሁትን። ቀና ስል ገንዘቤ ግድግዳው ሥር ወንበር ላይ ተቀምጣ እያየችኝ እንባዋ ይወርዳል። አንጀቴን በላችው። አንድ ሳንድዊች ለሁለት ገምሰን የበላን ሰዎች ነን፤ እንዴት ጉልበት ብቻዬን ልታደል?

የገንዘቤ ዓይን ስለደከመ የሁለታችንንም ክኒን በየቀኑ የምደለድለው እኔ ነኝ። በማግስቱ ሁለቱን ጠርሙስ ሳህን ላይ ገለበጥኩና ቀላቀልኳቸው። መልካቸው አንድ ነው፤ ሰው እንዳይለየው እንዲያ ተደርጎ ነው የተሠራው። ለሁለት ከፍዬ መለስኩት። ለአንድ ሰው የታሰበ ለሁለት ሲከፈል ማንን ይጎዳል ብዬ ነው። አዲስ ጠርሙስ በተሰጠን ቁጥር እንደዚያው አደረግሁ። ሀሌታ የተረፈውን ክኒን ስትቆጥር ልክ ይመጣላታል።

የእኔ ጉልበት ትንሽ ተመልሶ ያመኝ ጀመር። ገንዘቤ ደግሞ ደረጃ ያለ ምርኩዝ ወጣች። ሕመሜን ቻልኩት፤ እውነቱን ለመናገር ኮራሁም።

ሰኔ ላይ የገንዘቤ ዓይን ቢጫ ሆነ። የወፍ በሽታ። ምግብ አስጠላት፣ ቆዳዋን እያከከች መተኛት አቃታት። ሆስፒታል ወሰድኳትና አስተኟት።

ሀሌታ ክፍሉ በር ላይ አገኘችኝ፤ ፊቷ በርቷል። "ዶንት ወሪ፣ መድኃኒታችን አይደለም። ማን የትኛውን እንደሚወስድ የሚያሳየውን ኮድ ከፈቱት። እትዬ ገንዘቤ ባዶውን ነው ስትወስድ የነበረው።"

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ለአስተናጋጅ፣ ለታክሲ ሹፌር፣ ለቄስ እንኳ መልስ የማላጣ ሴት፣ አፌን ዘግቼ ቆምኩ።

ዶክተሩ ገንዘቤን ጠየቃት፤ ሀሌታ አስተረጎመች። የሀገር ቤት ቅጠል ጠጥታ እንደሆነ፣ ሥር ቀቅላ እንደሆነ። ገንዘቤ በማርያም ስም ማለች። አላመናትም። ደጋግሞ ጠየቃት፣ ከጉበቷም በመርፌ ናሙና ሊወስድ ለነገ ቀጠረ። ዕድሜዋን ሙሉ ዋሽታ የማታውቅ ሴት፣ እንደ ውሸታም ስትጠየቅ እኔ አጠገቧ ብርድ ልብሷን አስተካክላለሁ።

በማግስቱ ሀሌታ ቡና መሸጫው ጋ አብራኝ ቆማ እንደ ቀላል ነገር አወራችኝ። "ሌላ ከተማ ሁለት ሰዎች ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ነበር፤ ሪሉን የሚወስዱ። ስቶፕ ሊያደርጉት ነበር። ግን እትዬ ገንዘቤ ባዶውን ወስዳም ስለታመመች፣ መድኃኒቱ ላይሆን ይችላል ብለው ቀጠሉ።"

ስኒው ከእጄ ወደቀ። ያን ጊዜ ነው ሀሌታ በመጀመሪያው ቀን ያለችው የገባኝ። የሁለት ወገን ንጽጽር ነው ሁሉም ነገር። እኔ ሁለቱን ወገን ሳህን ላይ ቀላቅዬዋለሁ። የማላውቃቸው ሰዎች ዛሬም ጠዋት ያን ክኒን ውጠዋል፣ በእኔ ምክንያት።

"ቀላቅዬዋለሁ" አልኳት። እዚያው፣ ቡናው ጫማችን ላይ እየፈሰሰ፣ ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻል ነበር። ስልኳን አውጥታ እየሮጠች ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ መጣ። መርፌውን ለጊዜው ተወው። ጉበት ነው መድኃኒቱን ሰባብሮ የሚያስወጣው አለ፤ የአንዳንድ ሰው ጉበት ግማሹንም አይችለውም፤ ክኒኑ ስለቆመ እንደምትድን ተስፋ አለው። ሙከራው በየከተማው መቆሙንም ነገረኝ። አመሰግናለሁ ሲለኝ መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ወደድኩ።

ከዚያ ሁሉ የከበደው ለገንዘቤ መንገር ነበር። አልጋዋ ጫፍ ተቀምጬ ቀና ሳልል ነገርኳት፤ ሳህኑን፣ ጠርሙሱን፣ በዶክተሩ ፊት ዝም ማለቴን።

"ለምን ጽጌ?" አለችኝ።

"ስቅለት ዕለት ወንበር ላይ ስታለቅሺ አየሁሽ። መስገድ አቅቶሽ። አላስቻለኝም።"

ቢጫ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ።

"አቅቶኝ አይደለም ያለቀስኩት" አለች። "አንቺ ስትሰግጂ አይቼ፣ ደስ ብሎኝ ነው።"