የማያደክም ስኪ

ሮስቪታ ወደ ኤልማር ሱቅ ስትገባ ቡት ጫማዋን እንኳ አላላላችም። ሰላምታም አላስቀደመች።

"እግሬ ነደደ" አለችው። "የማያደክም ስኪ ስጠኝ።"

ኤልማር ከእሷ ጋር አንድ ክፍል የተማረ፣ ዕድሜውን ሙሉ በዚህ በሞንታፎን ሸለቆ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪ ሲሸጥና የስኪ ጠርዝ ሲስል የኖረ ሰው ነው። ከመነጽሩ በላይ አያት።

"ለስላሳ ስኪ የፈሪ ነው ስትዪ ኖረሽ፣ ዛሬ ምን ተገኘ?"

"እርጅና ተገኘ። አትቀልድብኝ፣ አልቻልኩም።"

እርጅና ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ድረስም ባልመጣች። ሲደክማት ቀደም ብላ ወደ ቤቷ ትወርዳለች፣ አለቀ። መከራዋ ባሏ ነው። ጌብሃርት የመንደሩን ልጅ ሁሉ፣ ኤልማርንም ጭምር፣ በረዶ ላይ መንሸራተት ያስተማረ ሰው ነበር። አሁን አእምሮው እየከዳው ነው። ማንኪያ የት እንደሚቀመጥ ይጠፋዋል፤ የሰኞን ነገር ማክሰኞ አያውቀውም። ስኪውን አስሮ አፋፍ ላይ ሲቆም ግን ሌላ ሰው ነው። ጉልበቱ ያውቃል፣ ወገቡ ያውቃል፤ ቁልቁል ሲወርድ ወጣቶቹ ቆመው ያዩታል። ታዲያ ይህን ከእሱ ላይ መንጠቅ ምን የሚሉት ጭካኔ ነው? ተራራውን ከወሰዱበት የሚቀረው ወንበር ላይ የተቀመጠ፣ እጁን የሚያይ ሽማግሌ ብቻ ነው።

ችግሩ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ ነው። የትኛው ወደ ቤት እንደሚወስድ አያውቅም። ባለፈው ሳምንት ቀድሟት ወርዶ በማዶ ሸለቆ፣ ጓንቱን ጥሎ ሲንቀጠቀጥ አገኙት። ልጃቸው ዩዲት ብሬገንዝ ከተማ ነርስ ናት። የሰማች ዕለት ደወለች።

"እማዬ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከጠፋ ተራራ የሚባል ነገር የለም። ስኪውን ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።"

ስለዚህ ሮስቪታ ከኋላው ለአፍታ መለየት የለባትም። እሱ አይደክመው፤ እሷ ደግሞ ገና ሳይረፍድ ጭኗ እንደ እሳት ይሆናል።

ኤልማር አሮጌ ስኪዋን በጥፍሩ አንኳኳ። "የሚገድልሽ ይሄ ነው። ረጅም፣ ደረቅ፣ ሆዱ ውስጥ ብረት የተነጠፈበት። ካልታገልሽው አይታጠፍልሽም። ይሄኛውን ውሰጂ፤ አጠር ቀለል ያለ ነው፣ ውስጡ እንጨት ብቻ። ዘንበል ካልሽ ራሱ ይዞርልሻል።"

"እንከኑስ?"

"ምን እንከን አለው?"

"ኤልማር፣ ነጋዴነትህን ለእንግዶቹ አድርገው።"

ሳቀ። "እሺ። ፍጥነት አይወድም። በጠዋት ጠንካራ በረዶ ላይ ከለቀቅሽው ይንቀጠቀጣል። የሚነዳው ሰው ሳይወድ በግድ ቀስ ይላል።"

በማግስቱ ሞከረችው። እውነትም እግሯ እንደ ልጅነቷ ቀለላት። ጌብሃርት ግን ወዲያው ርቆ እንደ ነጥብ አነሰ፣ ከዚያም ከዓይኗ ጠፋ። ልትደርስበት ስትለቀው ስኪው ከስሯ ይርገበገባል፤ ልትወድቅ ስትል እሷም ቀስ አለች። መገንጠያው ጋ ስትደርስ ጌብሃርት አንዲት የማያውቃትን ሴት አቁሞ፣ "ይቅርታ፣ እኛ ቤት በየት በኩል ነው?" እያለ ይጠይቃል። ሴትዮዋ ቀልድ መስሏት ትስቃለች። ሮስቪታ መሐል ገብታ ባሏን በክንዱ ይዛ ወደ ቤት መራችው።

ከሰዓት በኋላ ተመልሳ ኤልማር ጋ ሄደች።

"ከእጅ አይሻል ዶማ" አለችው። "እግሬ አረፈ፣ ባሌ ጠፋ።"

"እሳቸው ላይ የሚደርስ ስኪ እዚህ ሱቅ ውስጥ የለም። ድሮስ ማን ደርሶባቸው ያውቃል?"

ሮስቪታ ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ስኪዎች አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "በእሱ ቁመት አለህ?" አለች። "እንደኔው ለስላሳ። ጥቁር ቢሆን፣ እንደራሱ ስኪ።"

ኤልማር የያዘውን ጨርቅ አስቀመጠ። "ለመምህሬ?"

"ለባሌ።"

"ሮስቪታ፣ እሳቸው እኮ ዓይናቸውን ቢታሰሩ እንኳ የራሳቸውን ስኪ በእግራቸው ያውቁታል።"

"ያውቁት ነበር በል።"

ኤልማር፣ "ብትነግሪያቸው አይሻልም?" አለ።

"ምን ብዬ? ቀስ በል ብዬው አላውቅም መሰለህ? አፋፉ ላይ እሺ ይለኛል፣ ታች ሳይደርስ ይረሳዋል።"

"ነገሩ አልጣመኝም።"

"እኔንስ ጣመኝ ያለህ ማን ነው?"

አዘጋጀላት። ማሰሪያውን ሲያስተካክል አንድ ጊዜም ቀና ብሎ አላያትም።

ጠዋት ጌብሃርት ጥቁሩን ስኪ ያለ አንዲት ቃል አሰረ። እንደ ልማዱ ለቀቀው። ስኪው ተንቀጠቀጠ። ወገቡን አስተካክሎ እንደገና ሞከረ፣ እንደገና ተንቀጠቀጠ። ሦስተኛውን መታጠፊያ ሰፋ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ ዞረ። ሮስቪታ ደረሰችበት።

ደስ አላት፤ ምን ይደበቃል። ከተጋቡ ጀምሮ ጀርባውን እያየች የወረደችውን ተራራ ያን ቀን ጎን ለጎን ወረዱት። ጭኗ አልነደደም። መገንጠያው ጋ እጇን ስትዘረጋ በጠቆመችው በኩል ታጠፈ። "ገና ብዙ ክረምት አለን" አለች በልቧ። ሰው ደስ ሲለው አጠገቡ ያለውን ፊት መች ያያል።

ምሳ ሰዓት ላይ ተራራው ወገብ ላይ ካለው ምግብ ቤት ገቡ። ጌብሃርት ቅቤና የተጠበሰ ሽንኩርት ያለበትን የአይብ ፓስታ ያዘዘው ራሱ ነው፤ ሲመጣ ግን በሹካ ያማስለው ጀመር።

"ሮሲ" አለ። "እግሬ ሄደ።"

"ምን ማለትህ ነው?"

"ዛሬ አልታዘዝ አለኝ።" ጉልበቱን በመዳፉ አሻሸ። "ጭንቅላቴ እንደሄደ አውቃለሁ። አንቺና ያቺ ልጅ፣ ልጃችን፣ አላውቅም መስሏችሁ ትንሾካሾካላችሁ። አውቃለሁ እኮ። ይሁን ብዬ ነበር። ጭንቅላቴ ይሂድ፣ እግሬ አለ ብዬ ነበር።"

ሮስቪታ ሹካዋን አስቀመጠች። ይህን ሰምቶ ዝም ማለት ግፍ ነው።

"ጌብሃርት፣ ስማኝ። እግርህ ምንም አልሆነም። ስኪው ነው። እኔ ነኝ የቀየርኩብህ። እንዳትቀድመኝ ብዬ ለስላሳ ስኪ ሰጠሁህ።"

ዓይኗን ትኩር ብሎ አያት። ከዚያ ፈገግ አለና እጇን ያዘ።

"ደግ ነሽ" አለ። "ደግ ሰው እንዲህ ነው የሚዋሸው።"

"አልዋሸሁም። ተነስ ላሳይህ።"

እየጎተተች አወጣችው። ስኪውን ከቆመበት አንስታ በረዶው ላይ አጋደመችለት። "ይሄ ያንተ ነው? እስቲ ደህና አድርገህ እየው።" ጌብሃርት ጎንበስ ብሎ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ ገለበጠው፣ ደግሞ ዳሰሰው።

"የኔ ነው" አለ። "የማን ሊሆን ነበር?"

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄው ነው። በገመድ በሚሄደው ኬብል ካር ይዛው ወረደች። አሮጌ ስኪውን ከምድር ቤት አውጥታ እየሮጠች ኤልማር ጋ ወሰደችው፤ እሱም ምንም ሳይጠይቅ ጠርዙን ስሎ ሰም ቀባላት።

"ነገ ይረሳዋል" አለችው። "የዛሬውን ይረሳና በራሱ ስኪ ይወርዳል፣ እግሩ እንዳለ ያየዋል። ከጠፋም ይጥፋ፣ እፈልገዋለሁ። ዩዲትም የፈለገችውን ትበል።"

ኤልማር ራሱን ነቀነቀ። ሮስቪታ ያን በሽታ በየቀኑ ስትራገመው ኖራ፣ እንዲረሳ ብላ እግዚአብሔርን የለመነችው የዚያን ዕለት ነው።

ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ፣ ተራራው ሁሉ ወለል ብሎ ይታያል። ጌብሃርት ወጥ ቤት ጠረጴዛው ጋ ቁጭ ብሎ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ያያል።

"ይህች ልጅ ማን ናት?" አለ።

"ዩዲት ናት። ልጅህ።"

"ቆንጆ ናት።"

ሮስቪታ ቀለል አላት። በሌላ ቀን ቢሆን ታለቅስ ነበር። ዛሬ ግን ረስቷል፣ ሁሉን ረስቷል ብላ ተጣድፋ ቡት ጫማውን አምጥታ እግሩ ስር አኖረችለት።

"ተነስ እንጂ፣ በረዶው ሳይላላ። ስኪህ ደጅ ላይ ነው።"

ጌብሃርት ጫማውን ቁልቁል አየው። በነጠላ ጫማው ጫፍ ቀስ አድርጎ ወደ እሷ ገፋው።

"አንቺ ሂጂ" አለ። "የኔ እግር ሄዷል። ትናንት አይተሽ የለ?"